ስለ ዌክ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌክ ደሴት የት ነው ያለችው?

ሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ላይ ነው። ከሃዋይዋ ሆኖሉሉ ወደ ምዕራብ 3,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ከጉዋም ደግሞ ወደ ምሥራቅ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው የሚኖርባት ቅርብ የምትባለው ደሴት የማርሻል ደሴቶች አካል የሆነችው ኡቲሪክ ናት፤ እሷም ብትሆን 950 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ናት። ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ብትፈልጓት መጀመሪያ የምታዩት ሰማያዊ ብቻ ነው። ደጋግማችሁ ካላጎላችሁት ነጥቧም አትታይም።

አንድ ደሴት ትባል እንጂ ሦስት ናቸው፤ ዌክ፣ ዊልክስ እና ፒል። ከላይ ሲታዩ እንደ ባላ እንጨት ሁለት ቅርንጫፍ ሠርተው መሀላቸው ጥልቀት የሌለው ጸጥ ያለ የውስጥ ባሕር፣ ላጉን የሚሉት፣ አቅፈዋል። የብሱ ተደምሮ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 6 ሜትር ቢሆን ነው። ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። የሚጠጣው ወይ የተጠራቀመ ዝናብ ነው ወይ ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ።

ተወላጅ ነዋሪ አላት?

የላትም። የማርሻል ደሴቶች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በታንኳ እየመጡ ወፍና ኤሊ ያድኑባት ነበር፣ ግን ኑሮ አልመሠረቱባትም። በ1568 ስፔናዊው መርከበኛ ሜንዳኛ አይቷት አለፈ። ስሟን ያገኘችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚያ ካለፈ ዌክ ከሚባል የእንግሊዝ መርከብ ካፒቴን ነው።

ለምን ሰው እንዳልሰፈረባት የሚያስረዳው የሊቤል መርከብ ታሪክ ነው። በ1866 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሆንግ ኮንግ ስትሄድ ማታ የዌክን ኮራል፣ ባሕር ውስጥ የሚያድገውን ድንጋይ፣ ገጭታ ተሰበረች። ተሳፋሪዎቹ መሀል አና ቢሾፕ የተባለች ዝነኛ እንግሊዛዊት የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። ሦስት ሳምንት ያህል ውሃ ፍለጋ ቆፈሩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ በሁለት ጀልባ ተከፍለው ወደ ጉዋም ቀዘፉ። ዘፋኟ ያለችበት ትልቁ ጀልባ ደረሰ፣ ካፒቴኑ የነበረበት ትንሹ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ መሥራት ምን አመጣው?

ነዳጅ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም። አሜሪካ በ1899 ባንዲራ ሰቅላ የኔ ናት ካለች በኋላ ሰላሳ ምናምን ዓመት ብዙም ዞር ብላ አላየቻትም። በ1935 ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ማኒላ ፖስታና ሰው በአውሮፕላን ለማመላለስ ተነሣ። የዚያን ዘመን አውሮፕላን ያን ሁሉ ውሃ በአንድ ትንፋሽ መሻገር አይችልም። ሆኖሉሉ፣ ከዚያ ሚድዌይ፣ ከዚያ ጉዋም ብለህ ስትቆጥር በሚድዌይና በጉዋም መሀል ያለው ክፍተት በጣም ሰፊ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ያለችው ዌክ ብቻ ናት። የዚህች ደሴት ታሪክ በሙሉ ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ አውሮፕላን ስንት ሰዓት መብረር ይችላል ከሚለው ጥያቄ ጋር አብሮ ይወጣል አብሮ ይወርዳል፣ ማደያ ናት ብለን ብናስባት ብዙው ነገር ይገባናል።

መጀመሪያ መንደርደሪያ አልነበራትም ይባላል። አውሮፕላኑ ምን ላይ ያርፍ ነበር?

ውሃ ላይ። የፓን አሜሪካን አውሮፕላኖች፣ ቻይና ክሊፐርና እህቶቿ፣ የሆዳቸው ቅርጽ የጀልባ ነበር፣ የሚያርፉትም ላጉኑ ላይ ነው። ችግሩ ላጉኑ ውስጥ ከሥር የሚበቅል ኮራል እንደ ጉቶ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። የአውሮፕላንን ሆድ ለመቅደድ አንዱ ይበቃል። ስለዚህ ዋናተኞች እየጠለቁ ድማሚት እያሰሩ ጉቶውን አንድ በአንድ አፈነዱት። ዕቃ ደግሞ መርከብ መጠጋት ስለማይችል ውጭ ቆሞ በጀልባ ወደ ዊልክስ ይወርዳል፣ ከዚያ በትንሽዬ ሐዲድ ደሴቲቱን ያቋርጣል፣ ከዚያ እንደገና በጀልባ ላጉኑን ተሻግሮ ፒል ላይ ይደርሳል። አንድ ሳጥን ምስማር ስንቴ እንደሚጫንና እንደሚወርድ አስቡት።

የመጀመሪያው የፖስታ በረራ ኖቬምበር 1935 ነው፣ መንገደኛ መጫን የጀመረው ደግሞ ኦክቶበር 1936። ፒል ላይ ሆቴል ተሠራ። አፈር ስለሌለ አትክልቱን በውሃ ብቻ ያበቅሉ ነበር። እስከ ማኒላ የአንድ ጉዞ ቲኬት ወደ 800 ዶላር ያስከፍል ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ዌክ ሆቴል አድሮ ቁርሱን የሚበላው ሰው ማን እንደነበር መገመት አያቅትም።

የዛሬው ዓይነት መንደርደሪያ መቼ ተሠራ?

በ1941። ከጃፓን ጋር ጦርነት አይቀርም የሚለው ወሬ ሲጠነክር የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደሴቷን የጦር ሰፈር ሊያደርጋት ወሰነ። ከ1,100 በላይ ሲቪል የግንባታ ሠራተኞች ተጫኑ፤ አናጺ፣ የዶዘር ሾፌር፣ መካኒክ፣ ምግብ አብሳይ። አብዛኞቹ ጥሩ ደመወዝ ፍለጋ የመጡ ናቸው። መሣሪያ ያነገቱት ማሪኖች፣ የባሕር ኃይሉ እግረኛ ወታደሮች፣ ግን 450 ገደማ ብቻ ነበሩ። ኮራሉን ፈጭተውና ጠቅጥቀው መንደርደሪያውን አደረሱ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 12 ዋይልድካት የሚባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከመርከብ ተነሥተው አረፉበት። አውሮፕላኖቹን ከቦምብ የሚከልል ግንብ ገና በጅምር ነበር። ራዳርም አልነበረም። አራት ቀን ብቻ ቀረ።

ጃፓን የመታቻት ዲሴምበር 7 ነው ወይስ 8?

ሁለቱም ልክ ነው፣ እንደቆማችሁበት ቦታ። ዌክ ቀን ከሚቀየርበት መስመር ወዲያ ናት። ሃዋይ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር ሲመታ እዚያ እሑድ ዲሴምበር 7 ነበር፣ ዌክ ላይ ግን ሰኞ ዲሴምበር 8 ነግቷል። ፐርል ሃርበር ከተመታ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ 36 ቦምብ ጣዮች ዝናብ ያዘለ ደመና ውስጥ ተደብቀው መጡ። ማዕበሉ ኮራሉን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ የሞተሩን ጩኸት ዋጠው። ሰው ቀና ሲል አውሮፕላኖቹ አናቱ ላይ ናቸው።

አራት ዋይልድካት ሰማይ ላይ ለቅኝት ወጥተው ደመናው ጋርዷቸው ምንም አላዩም። መሬት ላይ ከቆሙት ስምንቱ ሰባቱ ነደዱ፣ አንዱ ተጎዳ። የፓን አሜሪካን አንድ ትልቅ አውሮፕላን ላጉኑ ላይ ቆሞ ነበር፤ በጥይት ተበሳስቶም መነሣት ቻለ። መንገደኞቹንና ነጭ ሠራተኞቹን ጭኖ ሄደ። ከጉዋም የመጡት የቻሞሮ ሠራተኞች ግን እዚያው ቀሩ። ስለ ዌክ ጀግንነት ሲወራ ይቺ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

ያን ያህል ትንሽ ኃይል እንዴት ሁለት ሳምንት ተዋጋ?

ዲሴምበር 11 ጃፓኖች ወታደር ጭነው በመርከብ መጡ። የማሪኖቹ አዛዥ ሜጀር ዴቨሩ ማንም እንዳይተኩስ አዘዘ። መርከቦቹ እየተኮሱ ተጠጉ፣ እሱ ዝም። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው የባሕር ዳር መድፎቹን ለቀቀባቸው። ሃያቴ የተባለችው አጥፊ መርከብ ወዲያው ሰጠመች። ኪሳራጊ የምትባለውን ደግሞ ሄንሪ ኤልሮድ የተባለ አብራሪ ከአየር ቦምብ ጥሎባት ጠፋች። ጃፓኖቹ ያን ቀን አንድ ወታደር ሳያወርዱ ተመለሱ።

እኔን ግን ከመድፉ ይልቅ የሚገርሙኝ መካኒኮቹ ናቸው። መለዋወጫ የለም፣ የጥገና መመሪያ መጽሐፍ የለም፣ መሣሪያው ተቃጥሏል። ከተቃጠለው አውሮፕላን ሞተር ነቅለው፣ ከወደቀው ጭራ ቆርጠው፣ ማታ በባትሪ መብራት እየገጣጠሙ ጠዋት አንድ ሁለት አውሮፕላን ያስነሡ ነበር። ሲቪል ሠራተኞችም አብረዋቸው ነበሩ። ዲሴምበር 22 ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር፣ ሁለቱም በዚያው ቀን አለቁ። ከዚያ በኋላ አብራሪና መካኒክ ጠመንጃ ይዞ እግረኛ ሆነ። በማግስቱ ዲሴምበር 23 ጃፓን በብዙ ኃይል ወርዳ ደሴቷን ያዘች። ኤልሮድ የሞተው መሬት ላይ ሲዋጋ ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግና ሜዳልያ ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ሳራቶጋ የምትባለውን የጦር መርከብ የያዘ የእርዳታ ጓድ ተልኮ ነበር፣ ግን ሳይደርስ ከመንገድ ተጠራ።

ድንጋይ ላይ የተጻፈው 98 ቁጥር ምንድን ነው?

አብዛኛው ምርኮኛ በጃንዋሪ 1942 በመርከብ ተጭኖ ተወሰደ። ጃፓኖቹ ግን ዶዘርና ክሬን የሚያንቀሳቅስ ሰው ስለፈለጉ የተወሰኑ ሲቪሎችን አስቀሩ። በመጨረሻ የቀሩት 98 ነበሩ። በኦክቶበር 1943 መጀመሪያ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደሴቷን ክፉኛ ደበደቡ። የጃፓን አዛዡ ሳካይባራ አሜሪካኖች ሊወርዱ ነው ብሎ ሠጋ። ምርኮኞቹን በሰሜኑ ዳርቻ አሰልፎ፣ ዓይናቸውን አስሮ፣ በመትረየስ አስፈጃቸው። በጦር ፍርድ ቤት የተመዘገበው ቀን ኦክቶበር 7 ነው።

አንድ ሰው አመለጠ። ላጉኑ ዳር ያለ የኮራል አለት ላይ «98 የአሜሪካ የጦር ምርኮኞች፣ 5-10-43» የሚል በእንግሊዝኛ አሳጥሮ ቀረጸ። ቀኑ ከፍርድ ቤቱ በሁለት ቀን ይቀድማል። ተደብቆ ቀን የሚቆጥር ሰው ቢሳሳት አይገርምም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተያዘ፣ ሳካይባራም በገዛ እጁ አንገቱን ቀላው። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሳካይባራ ጉዋም ላይ ተከስሶ በጁን 1947 ተሰቀለ። አለቱ አሁንም እዚያው አለ።

አሜሪካ ለምን ቶሎ አላስመለሰቻትም?

ስላላስፈለጋት። ፓስፊክ ላይ እየዘለሉ የሚፈልጉትን ደሴት ብቻ መያዝ፣ የቀረውን ከብቦ ማስራብ የሚል ዘዴ ነበራቸው። ዌክ የቀረው ውስጥ ገባች። ከ1944 አጋማሽ በኋላ መርከብ እንደልብ አይደርስም ነበር፣ 4,000 ገደማ የሆነው የጃፓን ጦር የሚበላው አጣ። ከ1,200 በላይ ወታደር በራብ ሞተ፤ በቦምብ ከሞተው እጥፍ ይሆናል።

ዓሣ አጠመዱ፣ አይጥ በሉ፣ ወፍም በሉ። የዌክ ራል የምትባል መብረር የማትችል ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ አንዷም አልተገኘችም። ጃፓኖቹ እጅ የሰጡት ሴፕቴምበር 4 ቀን 1945 ነው።

ትሩማንና ማክአርተር ለመገናኘት እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው?

ኮሪያ። ኦክቶበር 15 ቀን 1950 ፕሬዚዳንት ትሩማን ከዋሽንግተን፣ የኮሪያን ጦርነት ይመራ የነበረው ጄኔራል ማክአርተር ከቶኪዮ በርረው ዌክ ላይ ጥቂት ሰዓት ተነጋገሩ። ከሁለቱ የበለጠ የተጓዘው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ይህንንም ያን ጊዜ ብዙ ሰው አሽሟጦበታል። ትሩማን ቻይና ትገባ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ማክአርተር ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው አለ። ወሩ ሳያልቅ የቻይና ጦር ውጊያ ላይ ነበር። በኤፕሪል 1951 ትሩማን ጄኔራሉን ከሥልጣን አነሣው።

ለእኛ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በሜይ 1951 ነው፣ ማለትም ዌክ ላይ አይገቡም የተባሉት ቻይናዎች ገብተው ጦርነቱ መልኩን ከቀየረ በኋላ። ቃኘው የሄደው በባሕር ነው እንጂ በዌክ አላለፈም፤ አንዳንድ ሰው ስለሚያምታታው ነው።

መንገደኛ አውሮፕላን መቆም ያቆመው ለምንድን ነው?

ጄቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ሃዋይና ቶኪዮ መሀል ዌክ ላይ ቆመው ይቀዱ ነበር፣ መንገደኛው ወርዶ እግሩን ያፍታታል። ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ሁሉ ነበር። ጄቶቹ ረዘም ያለ መንገድ በአንድ ታንክ መብረር ሲጀምሩ ግን ሥራው አለቀ። በ1972 ደሴቷ ለአሜሪካ አየር ኃይል ተሰጠች።

ባዶ ልትሆን ስትል በ1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ወደቀች። ከቬትናም የሸሹ ወደ 15,000 ስደተኞች በዚያች 7 ካሬ ኪሎ ሜትር በኩል አለፉ። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ባዶ ቤቶች ተከፍተው ሰው ታጨቀባቸው። ወራት ቆይተው ወደ አሜሪካ ቀጠሉ።

ዛሬ ይሠራል? መሄድስ እችላለሁ?

ይሠራል። መንደርደሪያው 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ትልልቅ የጭነት አውሮፕላን ያሳርፋል። የጦር አውሮፕላኖች ይቀዱበታል፣ የሚሳይል መከላከያ ሙከራም ይደረግበታል። እዚያ የሚኖሩት በኮንትራት የሚሠሩ መቶ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የታይላንድ ዜጎች።

ሲቪሉም ጨርሶ አልተዋትም። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚደርስበት ማረፊያ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። ፓስፊክ መሀል ደግሞ ምርጫ የለም። እና ከአሜሪካ ወደ እስያ ስትበሩ ሳታውቁት ዌክ በመጠባበቂያነት ተይዛላችሁ ሊሆን ይችላል። በፈቃዳችሁ ለመሄድ ግን ከአየር ኃይሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የቱሪስት በረራ የለም፣ ሆቴሉም ከ1941 ወዲህ የለም።

ማዕበል ቢመጣ ምን ይሆናሉ?

ይሸሻሉ፤ ከፍ ያለ ቦታ ስለሌለ። በ2006 አዮኬ የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲቃረብ የነበረው ሰው በሙሉ በአውሮፕላን ወደ ሃዋይ ተወሰደ። ሲመለሱ ጣሪያው ተገንጥሏል፣ ፍርስራሹ በየቦታው ተበትኗል። መንደርደሪያው ግን ለማረፊያ በቅቷል። አዮኬ የመጀመሪያው አይደለም፣ በ1952ና በ1967ም ተመትታለች።

አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት የጠፋችው እዚህ አይደል?

አይደለም። እሷ በጁላይ 1937 ከኒው ጊኒ ተነሥታ የፈለገችው ሃውላንድ ደሴትን ነው፣ እሱም ከዌክ በጣም ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የምድር ወገብ አጠገብ ነው። ለእሷ ተብሎ መንደርደሪያ ተዘጋጅቶላት ነበር፣ ሳትደርስ ቀረች። ሁለቱ የሚምታቱት ሁለቱም የአሜሪካ፣ ሁለቱም ጥቃቅን፣ ሁለቱም በዲሴምበር 1941 በጃፓን የተደበደቡ ስለሆኑ ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ደሴቷ የማን ናት?

በእጅ የያዘቻት አሜሪካ ናት፣ ከ1899 ጀምሮ። የአሜሪካ ግዛት ትሁን እንጂ ክፍለ አገር አይደለችም፣ የሚመርጥ ሕዝብም የላትም። የማርሻል ደሴቶች መንግሥት ግን የኛ ናት ይላል። መሠረቱ ያ በመጀመሪያ ያነሣሁት የታንኳ ጉዞ ነው። አሜሪካ ይህንን ጥያቄ አልተቀበለችም፣ ማርሻሎችም አልተዉትም፣ ሁለቱ አገሮች ደግሞ በሌላው ነገር ወዳጆች ናቸው።

ማርሻሎች ዌክ አይሏትም። ኤነን ኪዮ ነው የሚሏት። ኪዮ አበባ ነው።